ጋሽ ነስሩና የፊንላንዱ በረዶ

ጋሽ ነስሩ መሞታቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። በእስልምና ሬሳ አይቆይም፤ ልጃቸው ደውላ ስትነግረኝ እሳቸው አፈር ከለበሱ ሰዓታት አልፈዋል። ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም። ስልኩን ዘግቼ ወጥ ቤት ገባሁና ንጹሑን ዕቃ ሁሉ አውርጄ እንደ አዲስ ማጠብ ጀመርኩ። ሰው ሲሞትብኝ እንዲህ ነኝ፤ እጄ ሥራ ካላገኘ አፌ ሰው ይሳደባል።

በማግስቱ ለቅሶ ስደርስ አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት፣ "ምናቸው ነዎት?" አለችኝ። ምን ልበላት? ዘመዳቸው አይደለሁም። በሃይማኖትም አንገናኝም። "አንድ መሥሪያ ቤት ነበርን፤ ጎረቤትም ነበርን" አልኳት። እሷም ራሷን ነቅንቃ ወደ ሌላ ሰው ዞረች። ያልነገርኳትን እዚህ ልጻፈው።

ጋሽ ነስሩ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የጭነት መጋዘን ዕቃ አሻጊ ነበሩ። እኔ እዚያው ታይፒስት ነበርኩ። ንጉሡ ከወረዱ ወዲህ ፈረንጅ ሁሉ ጓዙን ጠቅልሎ የሚወጣበት ጊዜ ስለነበር መጋዘኑ ከወለል እስከ ጣሪያ በሳጥን ተሞልቷል። እኔ የዕቃውን ዝርዝር እጽፋለሁ፣ እሳቸው ያሽጋሉ። ሥራቸውን ማየት ራሱ አንድ ነገር ነበር። እያንዳንዱን ሲኒ በአሮጌ ጋዜጣ ጠቅልለው፣ ጭድ ጎዝጉዘው፣ ጎን ለጎን ካስተኙ በኋላ ክዳኑን ይገጥሙና ጆሯቸውን ይጥሉበታል። ከዚያ የሳጥኑን ጎን በመዳፋቸው ይመታሉ። ውስጡ ቅንጣት ድምፅ ካለ ሁሉንም አውጥተው ከሀ ይጀምራሉ። ዝም ካለ፣ "ተኝቷል" ይሉና ሚስማር ይመቱበታል። ከእሳቸው እጅ ወጥቶ ተሰብሮ ደረሰ የተባለ ዕቃ ሰምቼ አላውቅም።

አዲሶቹ ሠራተኞች እየተንቀጠቀጡ ብርጭቆ ሲያነሡ ካዩ ድምፃቸውን ሳያጎሉ ይቆጣሉ። "የሚፈራ እጅ ነው የሚሰብረው። እንደ ልጅ እጅ ያዘው እንጂ እንደ እባብ አትያዘው" ይላሉ።

ጆሯቸውን ከየት አመጡት ብትሉ፣ ከጆንያ ነው። በልጅነታቸው ከስልጤ አገር መጥተው፣ ጆንያ ተሸክመው፣ "ቆራሌው!" እያሉ ባዶ ጠርሙስና ቆርቆሮ ከየቤቱ ሲሰበስቡ ነው ያደጉት። ሴቶቹ የተሰነጠቀ ጠርሙስ በደህናው መሀል ደብቀው ስለሚሸጡላቸው፣ እያንዳንዱን በጥፍራቸው መታ አድርገው ማዳመጥ ለመዱ። "ስንጥቅ ያለበት ሲመቱት ያስላል" ይሉኝ ነበር።

አንድ ቀን የፊንላንድ ሚስዮናውያን ዕቃ ሲያሽጉ አንዲት ተራ የምትመስል የውኃ ብርጭቆ አነሡና እንደ ልማዳቸው በጥፍራቸው መታ አደረጓት። ድምፁ ቶሎ አልሞተም። ደግመው መቱ። ከዚያ የጽሕፈት መኪናዬን እንዳቆም በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ፤ እኔም አቆምኩ፤ መጋዘኑ ውስጥ ያለነው ሰባት ሰዎች ቆመን ብርጭቆ አዳመጥን። ሲገለብጧት ታችዋ ላይ በመርፌ የተጫረ የመሰለ ጽሑፍ አገኙ። የፈረንጅ ፊደል ስለማያነቡ ለእኔ አቀበሉኝ። የሠራው ሰው ስምና ቁጥር ነበር።

"ስሙን ጻፈባት?" አሉ። "በብርጭቆ ላይ? ሰው እንዲህ ይኮራል በሥራው?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ነስሩ የፊንላንድ ብርጭቆ ሰብሳቢ ሆኑ። የሚሄዱት ፈረንጆች ጉርሻ ሲሰጧቸው፣ "ከተረፈ ብርጭቆ ይስጡኝ" ይላሉ። ሌላ አገር የተሠራ ከሆነ አይወስዱም። አንዱ በወርቅ ቀለም ያጌጠ ክሪስታል ሲሰጣቸው አመስግነው መለሱለት። "ይሄ ተኳኩሏል፤ የፊንላንዱ ታጥቦ ብቻ ነው የሚያምረው" አሉኝ በኋላ። ማንም አላስተማራቸውም። እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ላይ ነካ ያደረጋቸው ነበር የመሰለኝ።

ሐሳቤን የለወጥኩት ቤታቸው የሄድኩ ዕለት ነው። ከቦሌ መድኃኔዓለም በስተጀርባ፣ ከእኔ ቤት ሦስት አጥር አልፎ፣ በጭቃ የተመረገች ባለሁለት ክፍል ቤት ነበረቻቸው። በማሸጊያ ሳጥን እንጨት መደርደሪያ ሠርተው ብርጭቆዎቹን በመስኮቱ ትይዩ አሰልፈዋቸዋል። አርባ ገደማ ይሆናሉ። ጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ ያ የጭቃ ግድግዳ አረንጓዴና የማር ቀለም ለበሰ፤ አንዱ ጥግ ላይ ደግሞ ስም የማላውቅለት ሐምራዊ ነገር ይንቀሳቀስ ነበር። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ውኃ በጣሳ አቀበሉኝ።

"አይግረምሽ" አሉኝ እትዬ ዘይነባ። "አርባ ብርጭቆ ያለበት ቤት እንግዳ በጣሳ ይጠጣል። ሰርጋችን ቢደገም እንኳ አንዷን አያወርዱልኝም።"

"ለመጠጫ አይደሉማ" አሉ ጋሽ ነስሩ፣ ሳይቆጡ።

ለሁሉም ስም አውጥተውላቸዋል። ላይዋ የዛፍ ቅርፊት የመሰለችው "ግንዲቱ" ናት፤ በተቃጠለ እንጨት ቅርጽ ውስጥ ተነፍታ እንደተሠራች ሰምተዋል። ሆዷ ነፋ ያለች የብርጭቆ ወፍ ነበረቻቸው፤ እሷን "ሐጂቱ" ይሏታል። ከሁሉ በላይ ግን ከመደርደሪያው መሀል የቆመው ረጅም የአበባ ማስቀመጫ ነበር። ከላይ እስከ ታች የሚቀልጥ ይመስላል፤ ላዩ ጎርበጥባጣ፣ ውስጡ ጥርት ያለ። "በረዶው" ይሉታል። የአንዲት ፊንላንዳዊት ነርስ ሳጥን ሲያሽጉ እሱን ይዘው ስለቆዩ፣ "ከእኔ ይልቅ አንተ ታየዋለህ" ብላ ትታላቸው ሄዳለች። በአገሯ ክረምቱን ሙሉ ሐይቁ ድንጋይ ሆኖ ይከርምና ብርዱ ሲያልፍ እንዲህ ሆኖ እንደሚቀልጥ ነግራቸዋለች። ጋሽ ነስሩ ይህን ታሪክ ለመጣ ሰው ሁሉ ይናገራሉ። በረዶ ሲባል ጣሪያ የሚደበድበውን ብቻ የምናውቅ ሰዎች፣ ሰው በላዩ የሚሄድበት ሐይቅ እያሰብን እንመለሳለን።

ነገሩ መሥሪያ ቤት ተሰማ። አርብ አርብ የውይይት ክበብ ነበረን፤ ሰብሳቢው ተነሥቶ፣ "ጓድ ነስሩ የቡርዧ ጌጥ እንደሚያከማች ተደርሶበታል፤ ራሱን ይተች" አለ። በዚያ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ቀልድ አልነበረም። በሚቀጥለው አርብ ጋሽ ነስሩ አንዲት ብርጭቆ በጋዜጣ ጠቅልለው መጡና ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሧት።

"ውስጧ ያለችውን ነጥብ ታዩዋታላችሁ?" አሉ። "አረፋ ናት። አንድ የፊንላንድ ላብ አደር እሳት ፊት ቆሞ ሲነፋ ትንፋሹ ውስጥ ቀርታ ነው። ሰውየው ዛሬ ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ ትንፋሹ ግን ይኸው። እንግዲህ የላብ አደር ትንፋሽ ቆሻሻ ላይ ልጣል ካላችሁ ልጣል።"

ሰብሳቢው ራሱ አጨበጨበ። ወጥተን ስንሄድ፣ "አሁን የተናገሩትን ያምኑበታል?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ስለ ትንፋሹ እውነቴን ነው" አሉ። "ስለ ጭብጨባው እነሱ ያውቃሉ።"

ከዚህ በኋላ ቀይ ሽብር መጣ።

እትዬ አስካለ የሁላችንም ጎረቤት ነበረች። በዕድሜ እናቴ ብትሆንም አንቱ ስላት ስለምትቆጣ አንቺ እላታለሁ። አንድ ልጅ ነበራት፤ ዳዊት፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል። አንድ ቀን ከቤት ወሰዱት። በሦስተኛው ቀን መገደሉን የሚናገር ወረቀት አስፋልት ዳር ተለጥፎ ታየ። ሬሳውን አልሰጧትም። ከቀበሌ መጥተውም፣ "ለፀረ አብዮተኛ ለቅሶ መቀመጥ ክልክል ነው፤ ድንኳን የተከለ፣ የጮኸ፣ የእድር ዕቃ ያወጣ እሱም አንድ ነው" ብለው ሄዱ።

እትዬ አስካለ አላለቀሰችም። መጀመሪያ ፈርታ ነው ብለን ነበር። በኋላ ግን እንባው ራሱ እንደ ጠፋባት አየን። ግድግዳ ተደግፋ ትቀመጣለች፤ ውኃ በማንኪያ ካላጠጣናት አትውጥም፤ ብንጠራት አትሰማም። በአሥረኛው ቀን ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። ሴቶቹ በሹክሹክታ፣ "ካላለቀሰች ትሞታለች" ይባባሉ ጀመር። እኔም እንደምትሞት እርግጠኛ ነበርኩ። በእኛ አገር ሰው በቁሙ እንዲህ ሲደርቅ አይተናል፤ መድኃኒቱም የታወቀ ነው፤ ሰው ይሰበሰባል፣ አንዷ ትጀምርና ሁሉም ያነሣሳታል። የተከለከለው ደግሞ ይኸው ነበር።

እኔ በዚያን ጊዜ አራስ ነበርኩ። ባለቤቴ ምሥራቅ ግንባር ነበር፤ የልጄ ክርስትና በመጪው እሑድ ነው። ሐሙስ ከሰዓት ጋሽ ነስሩ መጡና በሩ ላይ ቆሙ። ግቡ ብላቸው አልገቡም።

"አንቺ ልጅ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ" አሉኝ። "የልጅሽን ክርስትና አበድሪኝ።"

አልገባኝም። ሲያስረዱኝ ደሜ ፈላ። የእኔ ቤት ጠባብ ነው ተብሎ ድግሱ እትዬ አስካለ ቤት ይሁን፤ ሰው ለክርስትና የመጣ መስሎ ይሰብሰብ፤ ከዚያ እሷ መሀላችን ተቀምጣ የሚሆነው ይሆናል።

"ጋሽ ነስሩ! የሕፃን ክርስትና ለለቅሶ? ሟርት እኮ ነው! ደግሞ ቢይዙንስ? ልጄን ማን ያሳድገዋል?"

"ልክ ነሽ" አሉ። አልተከራከሩኝም። "እኔ ግን ዛሬ ጠዋት አስካለን መዳፏን ያዝኳት፤ ውስጧ ሊሰነጠቅ ነው" አሉኝ። ይህን ብለው መሄድ ጀመሩ። አጥሩ ጋ ሳይደርሱ ጠራኋቸው።

"ብርጭቆ ከየት ይመጣል?" አልኳቸው። እሺ ማለቴ ነበር። የእድሩ ብርጭቆ ሁሉ ቂጡ ላይ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፤ ያየው ሁሉ ያውቀዋል። ሴቱ ሁሉ ከየቤቱ ብርጭቆ ይዞ ሲመጣ ደግሞ ለቅሶ መሆኑን ቆመው የሚያዩት የቀበሌ ሰዎች ይገምታሉ።

"የኔን አመጣለሁ" አሉ። "ለቅሶ ቤት ማን በሐምራዊና በአረንጓዴ ብርጭቆ ይጠጣል? በበሩ ያየ ሁሉ ድግስ ነው ይላል።"

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጋሪ ከእትዬ አስካለ በር ላይ ቆሞ አገኘን። እትዬ ዘይነባ ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ ከጭድ እያወጡ ያጥቡ ነበር። ያ ሁሉ ዓመት አውርዱልኝ ሲሉ የኖሩት ሴት ዛሬ ቃል አልተነፈሱም። ጋሽ ነስሩ ለሁሉም ሰው ብርዝ ይቀዳሉ። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ቤት አይቼ አላውቅም። ግንዲቱም፣ የማር ቀለም ያላቸውም፣ ሐምራዊዎቹም በጎረቤቶቻችን በተሰነጣጠቁ እጆች ውስጥ ነበሩ። በረዶው ጠረጴዛው መሀል ቆሟል። የሚገባው ሰው ለእኔ፣ "ያሳድግልሽ" ይላል፤ ቀጥሎ እትዬ አስካለን እጇን ጨብጦ ምንም ሳይናገር ይቀመጣል። እሷ አዲስ ነጠላ አልብሰናት ግድግዳውን ተደግፋለች፤ በእጇ አረንጓዴ ብርጭቆ ይዛለች፤ አልቀመሰችውም።

ሠላሳ ያህል ሰው ከተቀመጠ በኋላ ጠመንጃ ያነገተ የአብዮት ጥበቃ በሩ ላይ ቆመ። ልጅ ነው፤ ከሃያ ዓመት አይበልጥም።

"የምን ስብሰባ ነው?"

"ክርስትና ነው ጓድ፤ ግባ፣ ግባ" አሉ ጋሽ ነስሩ፣ ብርዝ የሞላች ሐምራዊ ብርጭቆ እያቀበሉት። ልጁ እኔንና ሕፃኑን አየ። ብርጭቆዎቹን አየ። ፊቱ ፈታ አለ። ይሄዳል ስንል ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ ተቀመጠ።

"ይሄኛው ምንድን ነው?" አለ በረዶውን እያሳየ።

ጋሽ ነስሩም ስለ ሐይቁ ይነግሩት ጀመር። ይህን ታሪክ እያወሩ ሳለ ነው የእትዬ አስካለ ጉሮሮ ድምፅ ያሰማው። ትንሽ ድምፅ ናት፤ ድመት እግር ሥር ስትረገጥ የምታወጣት ዓይነት። ሁላችንም ሰማን። በአሥራ ሦስት ቀን መጀመሪያ የሰማነው ድምፅዋ ነበር። የምንፈልገው መጣ፤ ግን የመጣው ጠመንጃ ያለው ልጅ ፊት ነው። አገጯ ይንቀጠቀጣል። አንዴ ከጮኸች "ዳዊት" ማለቷ አይቀርም፤ ዳዊት ካለች ደግሞ ያ ሁሉ ሰው አለቀለት። ብታፍነው ደግሞ ዳግመኛ አይመጣም። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት አፏን በነጠላ ልትይዝላት እጇን ስትሰነዝር አየሁ። ልጄን ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩ።

ጋሽ ነስሩ ንግግራቸውን አላቋረጡም። "እስቲ ቀረብ አድርጌ ላሳይህ" ብለው በረዶውን ከጠረጴዛው አነሡ። ሁለት እርምጃ ሄደው ወደ እትዬ አስካለ ጎንበስ አሉና፣ "አስካለ፣ እንኪ፣ ለእንግዳው ያዥለት" አሏት። እሷ እጇን ዘረጋች። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ፤ አይቻለሁ። የእሷ እጅ ሳይደርስ የእሳቸው ጣቶች ተከፈቱ።

ሲሚንቶው ላይ ሲወድቅ የወጣውን ድምፅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

"ወይኔ ዕቃዬን! ሰበርሽብኝ! እንደ ልጄ የማየውን!" ብለው ጋሽ ነስሩ ጮኹ። ያ ድምፅ ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ጮኸ።

እትዬ አስካለም ለቀቀችው። "ልጄን! ልጄን! ልጄን!" እያለች መሬት ላይ ወደቀች። "እንደ ልጄ ነበር!" ይላሉ እሳቸው ከላይዋ፣ ቃሏን በቃላቸው እየሸፈኑ። "እንደ ልጄ!" ሴቶቹ ሁሉ አብረው ፈነዱ። ወንዶቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው አለቀሱ። የእኔም ሕፃን ነቅቶ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። አሥራ ሦስት ቀን የታፈነ ለቅሶ በጠራራ ፀሐይ፣ በሩ ክፍት ሆኖ፣ ጠመንጃ ፊት ተለቀሰ።

የአብዮት ጥበቃው ልጅ ቆመ። ስብርባሪውን አየ፤ እሷን አየ። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ወደ እሷ ጎንበስ ብሎም፣ "እማማ፣ ይበቃል፤ ዕቃ ነው፤ ይተካል" አላት። እሷ ይህን ስትሰማ ባሰባት። ልጁ ጠመንጃውን አንሥቶ ማንንም ሳያይ ወጣ። ገብቶት ይሁን ሳይገባው እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ማንም ግን ተመልሶ አልመጣብንም።

እትዬ አስካለ ከሰዓቱን ሙሉ አለቀሰች። ወደ አመሻሹ ላይ ውኃ ጠየቀች፤ ጠጣች፤ ቀጥሎም ቁራሽ እንጀራ ቀመሰች። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖራለች።

ሰው ሁሉ ሲበተን ጋሽ ነስሩ ተንበርክከው ስብርባሪውን በጋዜጣ ይሰበስቡ ነበር። ላግዛቸው ብል፣ "ጡት የምታጠቢ ነሽ፣ እጅሽ እንዳይቆረጥ" ብለው ከለከሉኝ። የእሳቸው አውራ ጣት ተቆርጦ ይደማል፤ ልብ አላሉትም። ዝም ብዬ መሄድ ነበረብኝ፤ ግን እንዲህ ያለ ነገር አያስችለኝም።

"ጋሽ ነስሩ፣ ያ ሁሉ ብርጭቆ እያለ ለምን እሱን? ከተራዎቹ አንዱን ጣል ቢያደርጉት አይበቃም ነበር?"

"በተራ ብርጭቆ ያን ያህል ይለቀሳል ብትይው፣ ልጁ ያምንሻል?" አሉኝ።

ጋዜጣውን አጣጥፈው ጥቅልሉን ደረታቸው ላይ ያዙት። በጓዳው በር በኩል እትዬ አስካለ ከእንባ በኋላ እንደሚተኛ ሰው በረጅሙ እየተነፈሰች ተኝታለች። እሳቸው ትንሽ አዳመጧት።

"ደግሞስ" አሉ፣ "ለዳዊት ተራ ብርጭቆ ይሰበራል እንዴ?"